ጋሪው ምን ጭኗል? ስለ ተንቀሳቃሽ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት የቀረበ ሒስ

የአንድ ድርሰት ዋጋ በይዘቱና በቅርጹ ውሕደት እንደሚለካ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች እንግዳ ነገር አይደለም። ቅርጹ አምሮ ይዘቱ የሳሳ ድርሰት እንዳለ ሁሉ፣ ይዘቱ ከብዶ ቅርጹ ሊሸከመው ያቃተው ድርሰትም አለ። ይሁንና ይህ መመዘኛ ለግጥም፣ ለልብ ወለድና ለቴአትር ብቻ የተተወ ይመስል፣ መጽሐፍን ከአንባቢው ደጃፍ የሚያደርሱ ሥራዎች ከሒስ ውጭ ሆነው ኖረዋል። በተለይም ለችግረኛ ሕፃናት መጽሐፍ ጭኖ የሚዞር ቤተ መጻሕፍት በተወሳ ቁጥር ምስጋና ይዘንባል፤ ሥራው በጎ አድራጎት በመሆኑም መመርመሩ እንደ ነውር ይቆጠራል። ሕፃን የሚያነበው ነገር ግን አዋቂ ከሚያነበው ያነሰ ምርመራ አይገባውም። እንዲያውም ሕፃኑ የቀረበለትን ከሌላ ጋር የሚያመዛዝንበት ልምድ ገና ስለሌለው፣ ምርመራው የበለጠ ጥብቅ መሆን ይኖርበታል። ጋሪው መድረሱ አንድ ጉዳይ ነው፤ ምን ጭኖ እንደ ደረሰ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለተኛውን ማንሣት ነው።

በአገራችን ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠራው የሐዋሳው የአህያ ጋሪ ነው። የሥራው ጠንሳሽ አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የነገሌ ቦረና ተወላጅ ናቸው። ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ የሆነ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጃቸው የገባው በ19 ዓመታቸው ሲሆን፣ እሱም «ላቭ ኪትን» የተሰኘ የእንግሊዝኛ የፍቅር ልብ ወለድ ነበር። በ1970ዎቹ በስደት ወደ ሱዳን፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻግረው የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተማሩና በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለሕፃናት አገልግሎት በሚሰጥበት ክፍል ሠሩ። ከልዩ ልዩ አገሮች ለመጡ ልጆች በየቋንቋቸው የተጻፉ መጻሕፍት ሲፈልጉ፣ ለኢትዮጵያውያን ልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ከመደርደሪያው ላይ አጡ። እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. ኋላ «ኢትዮጵያ ሪድስ» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ ልጅነቷን በኢትዮጵያ ያሳለፈችው የሕፃናት መጻሕፍት ደራሲ ጄን ከርትዝም የሥራው ተባባሪ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. አቶ ዮሐንስ ወደ 15,000 የሚጠጉ በስጦታ የተገኙ መጻሕፍት ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ደግሞ በሐዋሳ በአህያ የሚሳብ ጋሪ መጽሐፍ ጭኖ ወደ ሕፃናቱ መጓዝ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. ሲ.ኤን.ኤን. የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያ አቶ ዮሐንስን ከዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዱ አድርጎ መረጣቸው።

ከዚህ በኋላ የዓለም ዓይን ያረፈው በአህያዋ ላይ ነው። በእርግጥም ምስሉ ጉልበት አለው። በአገራችን ትምህርት ያልገባው ልጅ «አህያ!» ተብሎ ሲሰደብ ኖሯል። የስድቡ ባለቤት የሆነችው እንስሳ ራሷ መጽሐፍ ጭና ወደ ተሰዳቢው ልጅ ስትመጣ ማየት ለአንድ ባለቅኔ ሰምና ወርቅ የሚበቃ ነገር ነው። ፎቶግራፍ አንሺውም፣ ጋዜጠኛውም፣ ለጋሹም የወደደው ይህንኑ ምስል ነው። ይህ ግን የቅርጽ ስኬት ነው። ስለ አህያዋ ብዙ ሲባል በሳጥኑ ውስጥ ስላለው መጽሐፍ የተባለው ጥቂት መሆኑ ሒስ ሥራውን እንዳልሠራ ያሳያል።

ጭነቱን እንመልከት። ከባሕር ማዶ በስጦታ የመጡት መጻሕፍት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። የሚስሉት ቤት ምንጣፍና የጭስ ማውጫ ያለው ነው፤ የሚዘንበው በረዶ ነው፤ ልጁ የሚተኛው ብቻውን በራሱ ክፍል ነው። ይህን የሚያነሣ ሁሉ ለጋሹን ይነቅፋል ማለት አይደለም። ለእነዚህ መጻሕፍት የሚቀርበው መከላከያም ቀላል አይደለም። ያለ እነሱ የሾላው በር ባልተከፈተ ነበር። ሥዕል ቋንቋ ሳይጠይቅ ይናገራል፤ እንግሊዝኛም በትምህርት ቤት ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ የሚሰጥ ትምህርት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የአቶ ዮሐንስ የራሳቸው ሕይወት ምስክር ሆኖ ይቀርባል፤ የንባብ እሳት የጫረባቸው የባዕድ አገር የፍቅር ታሪክ ነበርና።

ሆኖም ይህ ምስክርነት ሲመረመር የሚያስረዳው ሌላ ነገር ነው። ያን መጽሐፍ ያነበበው የ19 ዓመት ጎልማሳ፣ ፊደሉንና የእንግሊዝኛ ቋንቋውን ቀድሞ በትምህርት ቤት የጨረሰ ሰው ነው። የ7 ዓመት ልጅ ከዚያ ቦታ ላይ አልደረሰም። በሁለት ዐዲስ ነገር በአንድ ጊዜ ይፈተናል፤ አንዱ ማንበብ፣ ሁለተኛው የማያውቀው ቋንቋ። ቃሉን አንብቦ ሲጨርስ ከቃሉ ውስጥ የሚያውቀው ነገር ካልወጣለት፣ ማንበብ ማለት ድምፅ ማውጣት ብቻ ይመስለዋል። አቶ ዮሐንስም ይህን ሳያስተውሉ አልቀሩም። ለዚህ ማስረጃው እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አዘጋጅተው ያሳተሙት የማሞ ቂሎ ተረት ነው። በሒስ ሚዛን ሲታይ የዚህ ሁሉ እንቅስቃሴ ትልቁ ሥራ ጋሪው ሳይሆን ይህ ቀጭን መጽሐፍ ነው ለማለት ያስደፍራል።

ማሞ ቂሎን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ዝርዝሩ በየአገሩ ቢለያይም የተረቱ ስልት አንድ ነው። ማሞ ያገኘውን ነገር ያበላሻል፤ እናቱ «እንዲህ ማድረግ ነበረብህ» ብላ ትመክረዋለች፤ እሱም የትናንቱን ምክር ሳያጎድል ለዛሬው ነገር ያውለዋል። ለሳንቲም የተነገረው ምክር ለወተት ሲውል ወተቱ ኪስ ውስጥ ይፈሳል። በድራማ ጥበብ ዓይን ሲታይ ይህ ትልቅ ስልት ነው፤ ምክንያቱም አድማጩ ሕፃን ባለ ታሪኩ ሳይሳሳት ስሕተቱን ቀድሞ ያየዋል። ማሞ ወተቱን ይዞ ሲቆም ሕፃኑ «ኧረ ኪስህ ውስጥ እንዳትጨምረው!» ሊል ይነሣል። በቤት ሁሉ የሚመክረው፣ በትምህርት ቤት ሁሉ የሚያርመው የበዛበት ልጅ፣ በዚህ ተረት ውስጥ ግን እሱ ራሱ አራሚ ይሆናል። መጽሐፍ ለአንድ ጀማሪ አንባቢ ሊያደርግለት ከሚችለው ነገር ይህ ዋነኛው ነው፤ ልጁ ከመጽሐፉ ፊት ራሱን ዐዋቂ ሆኖ ያገኘዋል።

ሌላም ጥቅም አለው። ተረቱ የሚሄደው በድግግሞሽ ነው፤ ምክር፣ ስሕተት፣ ምክር፣ ስሕተት። ተመሳሳይ ዐረፍተ ነገር ጥቂት ቃል ተለውጦበት ይመለሳል። ፊደል እየቆጠረ ያለ ልጅ በመጀመሪያው ገጽ የደከመበትን ቃል በሦስተኛው ገጽ ያለ ድካም ያነበዋል። የአማርኛ ፊደል 33 ዘሮች በ7 ድምፅ ሲረቡ 231 ቅርጽ ይሆናሉ፤ ግሡም ቅጥያና ምዕላድ ሲደራረብበት በአንድ ቃል ውስጥ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይሸከማል። «እንዳልተመለሰችላቸው» የሚለውን ቃል ለጀማሪ ልጅ መስጠት ተራራ ማስወጣት ነው። ተረት ነጋሪ እናቶቻችን ይህን በደመ ነፍስ ያውቁ ስለነበር ቃላቸው አጭር፣ ምላሳቸው ቀልጣፋ ነበር። ለሕፃናት ከሚጽፉት ደራሲዎቻችን ብዙዎቹ ግን ይህን አልወረሱም። ታሪካቸው ሁለት ገጽ ሳይሄድ ስብከት ይጀምራል፤ ማብቂያው ላይም «ከዚህ ታሪክ የምንማረው» የሚል ፍርድ ይለጠፋል። ማሞ ቂሎን የሰማ ልጅ ምንም ሳይባል ተምሮ ይሄዳል፤ የተለጠፈውን ትምህርት የሚያነብ ልጅ ግን መጽሐፉ ለካ ሌላ ተግሣጽ ነው ብሎ ይዘጋዋል።

እዚህ ላይ ተረቱ በራሱ በቤተ መጻሕፍቱ እንቅስቃሴ ላይ ይዞራል። በአንድ አገር የተሳካውን አሠራር ነገሩ ሲለወጥ ሳይለውጡ ማዋል የማሞ ሥራ ነውና። በሌላው ዓለም ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1905 ዓ.ም. በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት ሜሪ ቲትኮም የተባሉ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በፈረስ የሚሳብ የመጽሐፍ ሠረገላ ወደ ገበሬዎች ደጃፍ ላኩ። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. በጋሪሳ በግመል የሚጫን ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ። በኮሎምቢያ ሉዊስ ሶሪያኖ የተባለ መምህር አልፋና ቤቶ የሚል ስም ባወጣላቸው ሁለት አህዮች መጽሐፍ ጭኖ በየመንደሩ ይዞር ነበር፤ ሁለቱ ስሞች በአንድ ላይ ሲጠሩ በአገሩ ቋንቋ «ፊደል» ማለት ናቸው። የሜሪላንዱ ገበሬና የኮሎምቢያው ሕፃን ግን ከሠረገላውና ከአህያው ጀርባ የጠበቃቸው መጽሐፍ በገዛ ቋንቋቸው የተጻፈ ነበር። መጓጓዣውን እነሱ እንዳደረጉት አድርጎ፣ ጭነቱን ሳያስቡ መቅረት ወተቱን ኪስ ውስጥ መጨመር ይሆናል።

በእኛ አገር መጽሐፍ መንቀሳቀስ የጀመረው በጋሪ አይደለም። የብራና መጽሐፍ በማኅደር ተከትቶ በትከሻ ይንጠለጠል ነበር፤ የቆሎ ተማሪም ከደብር ወደ ደብር ሲሻገር ዳዊቱን ይዞ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ምዕተ ዓመት መቀመጫቸው ያደረጓት ደብረ ብርሃን የመጻሕፍት አገር ነበረች። ከዚያው ከሰሜን ሸዋ ምድር፣ ከመርሐ ቤቴ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ ከመንዝ ደግሞ ከበደ ሚካኤል ወጥተዋል። ኅሩይ በ1910 ዓ.ም. «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» የተባለውን መጽሐፍ ለልጅ አስበው ጽፈዋል፤ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ደግሞ ስንት የተማሪ ትውልድ በቃሉ ያጠናው ነው። እነዚህን ያፈራ ምድር የዛሬ ልጆቹ የሚያነቡት ሲያጡ ማየት ለባህል ሠራተኛ ሁሉ ጥያቄ ሊሆን ይገባል።

ጥያቄው ዛሬ የተነሣ አይደለም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች አስተምሮ እ.ኤ.አ. በ1980 ዓ.ም. የዩኔስኮን የማንበብና የመጻፍ ሽልማት አገራችን እንድታገኝ አድርጓል። ፊደል የቆጠረው ገበሬና የገበሬ ልጅ ግን ከማስተማሪያው ቀጥሎ የሚያነበው ነገር በበቂ አልደረሰውም። ያልተነበበ ፊደል እንዳልታረሰ መሬት ዳዋ ይውጠዋል። በኋላ ኮድ ኢትዮጵያን የመሳሰሉ ድርጅቶች በገጠር ከተሞች የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍት በማቋቋምና በአገር ቋንቋ የሕፃናት መጻሕፍት በማሳተም ይህን ክፍተት ለመሙላት ሞክረዋል። የኢትዮጵያ ሪድስ ባልደረቦችም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ከእንግሊዝኛ ጋር ጎን ለጎን የተጻፉ ትንንሽ መጻሕፍት እንዲታተሙ ደክመዋል። መንገዱ የተያዘ ነው፤ የጎደለው ብዛቱና ጥራቱ ነው።

የሶማሌ ክልሉን አብነት ማንሣት እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሕፃናት አድን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. በዚያ ክልል በግመል የሚጓዝ ቤተ መጻሕፍት ጀምሮ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ በእንጨት ሣጥን እስከ 200 መጽሐፍ የሚጭኑ ግመሎች በ33 መንደሮች ከ22,000 በላይ ሕፃናትን ደረሱ። ሥራው የተሳካው ግመል ብርቅ ስለሆነ አይደለም፤ በዚያ አገር ግመል የዕለት ተዕለት ኑሮ ስለሆነ ነው። ሕፃኑ የሚገረመው በግመሉ ሳይሆን በሣጥኑ ነው። መጓጓዣው ከኑሮው ጋር ሲዋሐድ ዓይን ሁሉ ወደ መጽሐፉ ይዞራል፤ ቅርጽ ለይዘት ቦታ ለቀቀ የሚባለውም ይህ ሲሆን ነው።

አሁን ይህን ሁሉ በአንድ ተጨባጭ ቦታ ላይ አስቀምጦ መፈተን ያስፈልጋል። ደነባ በሰሜን ሸዋ የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ መቀመጫ ናት። አገሩ ደጋ፣ አፈሩም በብዛት ጥቁር ዋልካ ነው፤ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ባቄላና ምስር ይበቅልበታል። እህሉ ገበያ የሚወጣው በአብዛኛው በአህያ ጀርባ ነው። የመጽሐፍ ሣጥን በአህያ ተጭኖ ወደ ገጠር ቀበሌዎቿ ቢወጣ ማንም ዞር ብሎ አያይም፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ሐዋሳ ላይ የተነዳው ጋሪ እዚህ እንዳለ ቢመጣ ክረምቱ ያቆመዋል። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ንባብ በሚያስፈልጋቸው በሐምሌና በነሐሴ ዋልካው ጎማ ይውጣል። ስለዚህ ለደነባ ገጠር የሚያስፈልገው ጋሪ ሳይሆን በግራና በቀኝ የሚጫን፣ ዝናብ የማያስገባ ሣጥን ነው። ጊዜውም እንደ አገሩ መሆን አለበት። በኅዳርና በታኅሣሥ ልጁ ከአጨዳና ከውድማ ላይ ነው፤ ወንዱ ከብትና በግ ይጠብቃል፤ ሴቷ ውኃ ትቀዳለች፣ ታናናሾቿን ታዝላለች። ሣጥኑ እነሱ ካሉበት፣ እነሱ በሚችሉበት ሰዓት፣ ቀኑን ሳያዛንፍ ካልደረሰ፣ ቀድሞውንም መጽሐፍ ከሚያገኘው ከከተማው ልጅ ዘንድ ብቻ ይቀራል።

የመመላለሱ ጉዳይ ከሁሉ ይከብዳል። አንድ ጊዜ መጥቶ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የሚሄድ ጋሪ ለሕፃኑ ሰርከስ ነው። በየሁለት ሳምንቱ በታወቀ ቀን የሚመለስ ሣጥን ግን ቀጠሮ ነው፤ ልጁ የወሰደውን መጽሐፍ ሊመልስ፣ ያልጨረሰውን ሊጨርስ፣ ያልገባውን ሊጠይቅ ይጠብቀዋል። አደራ መቀበልንና መመለስንም በዚያው ይማራል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ሳያስተምሩ መክረማቸው ሲታሰብ፣ ጉዳዩ የጌጥ አለመሆኑ ይበልጥ ይገለጻል። ሁለትና ሦስት ዓመት ከክፍል የራቀ ልጅ ፊደሉን ይዞ ሊቆይ የሚችለው የሚያነበው ነገር ከቤቱ አጠገብ ካገኘ ነው። በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለዋና ከተማዋ ኩራት ነው፤ ከደነባ ገጠር ለሚገኝ የ8 ዓመት ልጅ ግን አብርሆት ማለት ከእናቱ ቤት ደጃፍ በእግሩ ደርሶ የሚከፍተው ሣጥን ነው።

ሣጥኑ ሲከፈትም የሚያነብለት ሰው ያስፈልጋል። መጽሐፍ ለሕፃን መጀመሪያ ድምፅ ነው። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለ42 ዓመታት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ ይህን አስመስክረዋል። ኃይላቸው በተረቱ ብቻ አልነበረም፤ ፊታቸው፣ እጃቸው፣ ዝምታቸው ሁሉ ተረት ይናገር ነበር። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ተደራሲ ከመጀመሪያው የሥራው ተካፋይ ነው፤ ይህ ከቴአትር በፊት የነበረ ቴአትር ነው። መጽሐፉን ከሣጥን አውጥቶ በልጆች እጅ ላይ ማደል ብቻውን ማንበብ አያስለምድም። አህያውን የሚነዳው ሰው ንባብ የሚያውቅ፣ ድምፁን እንደ ገጸ ባሕርያቱ መለዋወጥ የሚችል፣ ለጥያቄ ቦታ የሚሰጥ መሆን ይገባዋል። የዚህ ዓይነት ሰው ማሠልጠን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በየወረዳው ያሉ የቴአትርና የሥነ ጽሑፍ ክበባት፣ ጡረታ የወጡ መምህራን፣ በክረምት ወደ ቤታቸው የሚመለሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለዚህ ሥራ የቀረቡ ናቸው።

እንግዲህ ፍርዱ ምንድን ነው? የሐዋሳው ጋሪ መጽሐፍ ሕፃኑን እስኪጠብቅ መቆም እንደማይኖርበት አሳይቷል፤ ይህ ውለታ አይረሳም። አቶ ዮሐንስም ጭነቱ የራስ ቋንቋ ካልሆነ ጉዞው ጎደሎ መሆኑን በማሞ ቂሎ ራሳቸው አመልክተዋል። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛው ነጥብ ከመጀመሪያው ያነሰ ተከታይ ማግኘቱ ግን የእሳቸው ጥፋት አይደለም፤ የደራሲው፣ የሠዓሊው፣ የአሳታሚውና የሐያሲው ነው። ጋሪ የሚሠራ አናጺ በየከተማው አለ፤ አህያም አልጠፋም። በ300 ቃላት የ7 ዓመት ልጅ የሚያስቅ፣ ሳይሰብክ የሚያስተምር፣ በዋልካ መሬት ላይ የሚኖር ልጅ ራሱን የሚያይበት ታሪክ የሚጽፍ ደራሲ ግን ጥቂት ነው። ይህን ጽሕፈት እንደ ትንሽ ሥራ፣ ለጀማሪ እንደሚተው ልምምድ አድርጎ የመቁጠር ልማድ በደራስያን ዘንድ አለ፤ ሐያስያንም ለሕፃናት መጽሐፍ አንድ ገጽ ሲነፍጉ ልማዱን ያጸኑታል።

ሥራው የሚጀመርበት ቦታ ግልጽ ነው። መምህራን በየቀበሌያቸው ከሽማግሌዎችና ከእናቶች የሚሰሟቸውን ተረቶች እንደ ተነገሩ ይመዝግቡ፤ የመንዝ፣ የአንኮበር፣ የመርሐ ቤቴና የሲያደብር ተረት ሳይጻፍ ተናጋሪዎቹ እያለፉ ነው። ደራስያን ከተረቱ ድግግሞሹንና አጭር ቃሉን ይውሰዱ፤ ሠዓልያን ጎጆውን፣ አውድማውን፣ ጥቁሩን አፈር በወጉ ይሳሉ። የተጻፈው ከመታተሙ በፊት ለሕፃናት ይነበብ፤ እነሱ ያልሳቁበትና ያልጠየቁበት ገጽ ይሰረዝ። ባህል ቢሮዎችና የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የሣጥኖቹን ብዛት ብቻ ሳይሆን በውስጣቸው ስንት መጽሐፍ በሕፃኑ ቋንቋ እንደ ተጻፈና በዓመት ስንት ጊዜ እንደ ተነበበ በሪፖርታቸው ይቁጠሩ። ለደነባው ልጅ የሚላከው የመጀመሪያው ሣጥን በዚህ ሚዛን ተመዝኖ ይጫን።